የተጣለው ሕፃንና ያነሣው ድኻ

ምጽዋት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተርፎት የሚሰጥ ሰው ምጽዋት ነው፤ ሁለተኛው ለራሱ ሳይበቃው ከጕርሻው ቈርሶ የሚያካፍል ሰው ምጽዋት ነው። የመጀመሪያውን ዓለም ያየዋል፤ የሰጪውንም ስም በድንጋይ ላይ ይጽፍለታል። ሁለተኛውን ግን ከእግዚአብሔርና ከተቀባዩ በቀር የሚያየው የለም። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ምጽዋት ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ በመጽሐፍ ሳይሆን በሲኒማ፣ በሊቅ ሳይሆን በአሣቂ እጅ የተሠራ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ይኸውም እንግሊዛዊው ቻርሊ ቻፕሊን በአሜሪካ አገር የሠራው «ልጁ» የተባለው ሲኒማ ነው። መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው በኒውዮርክ ከተማ፣ ካርኔጊ በተባለው አዳራሽ፣ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ጃንዋሪ 21 ቀን 1921 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጥር 13 ቀን 1913 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሰው የውጭ አገር ዘመን ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ያ ዘመን ሲኒማ ገና አንደበቱ ያልተፈታበት ዘመን ነበር። ተጫዋቾቹ ከንፈራቸውን ቢያንቀሳቅሱም ድምፃቸው አይሰማም፤ ነገሩ የሚገለጸው በፊት፣ በእጅና በአረማመድ ነው። አልፎ አልፎ ጥቂት የጽሕፈት መስመር በመጋረጃው ላይ ይታያል፤ ከመጋረጃውም በታች ፒያኖ መቺ ወይም የሙዚቃ ጓድ ይጫወታል። ስለዚህ ቋንቋቸው የተለያየ ሕዝቦች ሁሉ ብዙ ሳይቸገሩ ያስተውሉት ነበር። በ1927 ዓ.ም. ተናጋሪው ሲኒማ ከተነሣ በኋላ ይህ ጥበብ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጠፋ።

የታሪኩ ነገር እንዲህ ነው። አንዲት ባል የሌላት ሴት ሕፃን ወልዳ ከድኾች ሐኪም ቤት ትወጣለች። በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ የምትሄድበት የላትም። ጽሕፈቱ የዚህች ሴት ኀጢአት እናት መሆኗ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ወዲያውም ጌታ መስቀሉን ተሸክሞ ወደ ቀራንዮ ሲወጣ የሚያሳይ ሥዕል ለጥቂት ጊዜ ይታያል። ሴቲቱም የምታደርገው ቢጠፋት፣ ሕፃኑን በአንድ ባለጸጋ ደጅ በቆመ አውቶሞቢል ውስጥ አስተኝታ፣ ይህን የሙት ልጅ ውደዱት፣ ተንከባከቡትም የሚል ወረቀት አኑራ ትሄዳለች። ነገር ግን ሌቦች አውቶሞቢሉን ሰርቀው ይሄዳሉ፤ ሕፃኑንም ባገኙት ጊዜ የድኾች ሰፈር በሆነ ጠባብ መንገድ፣ በቈሻሻ መጣያ አጠገብ ጥለውት ያልፋሉ።

በዚያ በኩል የሚያልፈው ቻፕሊን ራሱ የሚጫወተው ቤት ንብረት የሌለው ዘዋሪ ድኻ ነው። ኮቱ ተቀዶአል፤ የጓንቱ ጣቶች ወልቀዋል፤ አካሄዱ ግን እንደ መኰንን ነው። ሕፃኑን ባየ ጊዜ ወዲያው በርኅራኄ እንዳነሣው ተደርጎ አልታየም፤ የሥራውም እውነተኛነት ከዚህ ይጀምራል። ድኻው መጀመሪያ ሸክሙን ለሌላ ሰው ሊያሳልፍ ይፈልጋል። ሕፃን በጋሪ ለምትገፋ ሴት ጨምሮ ሊያስታቅፋት ይሞክራል፤ ትቈጣዋለች። መልሶ ሊያስቀምጠው ሲያጐነብስ ፖሊስ በራሱ ላይ ቆሞ ያየዋል። ለአንድ ሽማግሌም ያስይዘዋል፤ ሕፃኑ ግን ተመልሶ ወደ እርሱ ይመጣል። የጐዳናውን የውኃ መውረጃ ክዳን አንሥቶ ወደ ታች እስኪመለከት ድረስ ክፉ ሐሳብ በልቡ ያልፋል። በመጨረሻው ግን ወረቀቱን አንብቦ፣ የሕፃኑን ፊት አይቶ፣ ታቅፎት ወደ ጐጆው ይሄዳል። ምሕረት በሰው ልብ ውስጥ ከስስት ጋር ሳይታገል እንደማይነግሥ የነፍስ አባቶች ሁሉ ያውቁታል፤ ይህ ሥዕል ግን ትግሉን ሳይደብቅ አሳይቶታል።

በጐጆውም ውስጥ ድኻው ካለችው ጥቂት ዕቃ የአባትነትን ሥራ ሁሉ ይፈጥራል። ጨርቅ በገመድ ከላይ አንጠልጥሎ አልጋ ያደርግለታል፤ የቡና ማፍያውን አንጠልጥሎ ጡጦ ያደርግለታል፤ ያረጀውን ወንበር በስቶ መቀመጫ ያበጅለታል። ከአምስት ዓመት በኋላ ልጁ ራሱ ቤት ጠራጊ፣ ቂጣ ጋጋሪ ሆኖ ይታያል። ሁለቱም አብረው ሥራ ይሠራሉ፤ ልጁ ቀድሞ በድንጋይ የሰውን መስኮት ይሰብራል፤ ድኻው መስተዋቱን በጀርባው ተሸክሞ እንደ ድንገት በዚያ በኩል ያልፋል፤ ባለቤቲቱም ጠርታ ታሠራዋለች።

ተመልካች በዚህ ጊዜ ይሥቃል፤ ሣቁም የሚገባ ነው። ዳሩ ግን ቅኔ የተማረ ሰው ሰሙን አይቶ ወርቁን ሳይፈልግ አያልፍም። ሰሙ የልጅ ተንኰል ነው፤ ወርቁ ግን በዚያች ከተማ ለድኻ ሰው እንጀራ የሚገኘው አስቀድሞ አንድ ነገር ሲሰበር ብቻ መሆኑ ነው። ይህ ማለት ሥራው ተንኰል አይደለም ማለት አይደለም፤ የሰውን ንብረት አጥፍቶ ዋጋ መቀበል በማንኛውም ሕግ በደል ነው። ሆኖም የተራበ ልጅ ድንጋይ ሲያነሣ፣ ድንጋዩን በእጁ ያስያዘው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ የፈራጅ ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ ልጁ ይታመማል። የመጣው ሐኪም የልጁ አባት አንተ ነህን ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ ድኻው ወላጅ እንዳይደለ ወረቀቱን ያሳያል። ሐኪሙም ይህ ልጅ የሚገባውን እንክብካቤ ማግኘት አለበት ብሎ ለሹማምንቱ ያስታውቃል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን የመጡት ሰዎች የሙት ልጆች ማሳደጊያ ሹምና ረዳቱ ናቸው። ሹሙ ከድኻው ጋር ቃል ለቃል መነጋገርን ስለ ተጸየፈ የሚጠይቀውን በረዳቱ በኩል ያስጠይቃል። ልጁን ከድኻው ነጥቀው በመኪናው ላይ ይጭኑታል፤ ልጁም እጆቹን ዘርግቶ እያለቀሰ ይለምናል። ድኻው ግን ከያዙት ሰዎች አምልጦ፣ ከጣራ ወደ ጣራ እየዘለለ መኪናውን ይከተላል፤ ከላይም ወርዶ ሹሙን ከገፋ በኋላ ልጁን አቅፎ ይስመዋል። ሁለቱም ሲንቀጠቀጡ ይታያሉ። ይህ ሥፍራ እስከ ዛሬ ድረስ በሲኒማ ታሪክ ከተሠሩት ሁሉ ሰውን አብዝቶ ከሚያስለቅሱት አንዱ ነው።

ቻፕሊን ይህን ሁሉ ከልብ ወለድ ብቻ አላመጣውም። በ1889 ዓ.ም. ተወልዶ ያደገው በሎንዶን ከተማ በደቡቡ ክፍል በችግር ነው። አባቱ ዘፋኝ ነበር፤ ከቤቱ ተለይቶ ይኖር ነበር፤ በ1901 ዓ.ም. መጠጥ ባመጣበት ደዌ ሞተ። እናቱ ሐና ደግሞ በቴያትር ታዜም ነበር፤ ድምፅዋ ስለ ጠፋ በልብስ ስፌት ልጆችዋን ልታሳድግ ሞከረች፤ አልሆነላትም። በ1896 ዓ.ም. ቻርሊ የ7 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከእናቱና ሲድኒ ከተባለው ወንድሙ ጋር ላምቤት በተባለው ሰፈር ወደሚገኘው የድኾች ቤት ገባ።

ይህ እንግሊዞች ዎርክሃውስ የሚሉት የድኾች ቤት በ1834 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የጸና ሥርዐት ነበር። የሕጉ አሳብ፣ ችግረኛ ሰው ከመንግሥት እርዳታ የሚፈልግ ከሆነ በዚያ ቤት ገብቶ ሥራ እየሠራ ይቀበል፤ የቤቱም ኑሮ ከውጭው ድኻ ኑሮ የከፋ ይሁን፣ ሰነፍ እንዳይወደው የሚል ነበር። በዚያም ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ ተለይቶ ያድራል። ቻርሊና ሲድኒም ከእናታቸው ተለይተው ከከተማው ውጭ ሃንዌል ወደሚባል የድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ተወሰዱ። ቻፕሊን በ1964 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደ ተረከው፣ አንድ ቀን እናታቸው ራስዋንና ልጆችዋን ከድኾች ቤት አስወጥታ፣ በነበረቻቸው ጥቂት ሳንቲም ቼሪ የሚባል ፍሬ ገዝተው፣ ቀኑን በአንድ የሕዝብ አጸድ ውስጥ አብረው ዋሉ፤ ሲድኒ ጋዜጣ ጠቅልሎ ኳስ ሠራና ተጫወቱ። ማታ ግን ሦስቱም ወደዚያው ቤት ተመለሱ። ሐና በኋላ አእምሮዋ ታመመ፤ በ1903 ዓ.ም. ወደ ሐኪም ቤት እጅዋን ይዞ የወሰዳት የ14 ዓመቱ ቻርሊ ነበር።

እንግዲህ ልጅን ከሚወደው ሰው ነጥቆ የሚወስደው መኪና ለቻፕሊን ምሳሌ አልነበረም። ለአሜሪካም ሰው ቢሆን እንግዳ ነገር አልነበረም። በኒውዮርክ ጐዳና የሚያድሩት ልጆች ስለ በዙ፣ ቻርልስ ሎሪንግ ብሬስ የተባለው ሰባኪ በ1853 ዓ.ም. የልጆች መርጃ ማኅበር አቋቁሞ፣ ከ1854 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆቹን በባቡር ወደ ምዕራብ አገር ገበሬዎች ይልክ ነበር። ይህ ሥራ እስከ 1929 ዓ.ም. ድረስ ሲቀጥል 200,000 ያህል ልጆች እንደ ተላኩ ይገመታል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ደግ አሳዳጊ አገኙ፤ ብዙዎቹም ለጕልበታቸው ብቻ ተፈለጉ፤ ወንድምና እኅት በየጣቢያው የተለያዩበት ጊዜ ነበር። ከተላኩትም ልጆች ብዙዎቹ ወላጅ የነበራቸው ነበሩ። ሐሳቡ ደግ ሆኖ ሳለ የልጁ ልብ ስላልተጠየቀ፣ ከደግነቱ ጋር እንባም ተቀላቅሎበታል።

ሲኒማው የተሠራበትም ጊዜ የኀዘን ጊዜ ነበር። በጁላይ 1919 ዓ.ም. ለቻፕሊን የመጀመሪያ ልጁ ተወልዶ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቈይ የተጣለ ሕፃን ታሪክ መሥራት ጀመረ። ልጁን ሆኖ የሚጫወተው ጃኪ ኩጋን በ1914 ዓ.ም. የተወለደ፣ ከአባቱ ጋር በቴያትር መድረክ ላይ ሲጨፍር ቻፕሊን ያየው ሕፃን ነበር፤ ሥራው ሲጀመር ዕድሜው 5 ዓመት አልሞላም። ሥራው ካለቀ በኋላ ቻፕሊንና ሚስቱ ተፋቱ፤ ጠበቆችም ፊልሙን እንዳያስይዙበት ፈርቶ፣ ሣጥኖቹን ጭኖ ወደ ሶልት ሌክ ከተማ ሄዶ በሆቴል ክፍል ውስጥ ቈራርጦ አስተካከለው።

ቻፕሊን በዚሁ የሕይወት ታሪኩ አንድ ነገር ሳይደብቅ ጽፎአል። በመኪናው ላይ የሚያለቅስበት ሥፍራ በደረሰ ጊዜ ልጁ አላለቅስ አለ፤ ተጫዋች ልጅ ነበርና ይሥቅ ነበር። በዚህ ጊዜ አባቱ ለብቻው ወስዶ፣ ካላለቀስህ ወደ ድኾች ቤት ትሄዳለህ ብሎ አስፈራራው፤ ልጁም ከልቡ አለቀሰ። ስለዚህ ዓለም ሁሉ አይቶ ያለቀሰበት ያ እንባ እውነተኛ የፍርሃት እንባ ነበር። ስለ ሕፃናት መከራ ለማስተማር የተሠራ ሥራ ራሱ ሕፃንን አስፈራርቶ መሠራቱን አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል፤ የዚህ ነገር ፍጻሜ ወደ ኋላ ይታያልና።

የቤተ ክርስቲያን ሰው ይህን ሥራ ሲመረምር ሁለት ቦታ ላይ ይቆማል። አንደኛው የጌታን መስቀል ከዚያች ሴት ጋር አጠጋግቶ ማሳየቱ ነው። ይህ ድፍረት የሚመስለው ይኖራል። ነገር ግን ሥዕሉ ሴቲቱን ከጌታ ጋር አላስተካከለም፤ የፈረደባትን ሕዝብ ግን ጌታን ካስጨነቁት ጋር አስተካክሎአል። ሁለተኛው ድኻው ልጁን ባጣ ጊዜ በደጃፉ ተኝቶ ያየው ሕልም ነው። በሕልሙ ያ የቈሸሸ ሰፈር በአበባ ተሸልሞ ገነት ይሆናል፤ ድኻውም፣ ልጁም፣ ፖሊሱም፣ ውሻው እንኳ ክንፍ አውጥተው ይበራሉ። በኋላ ግን አጋንንት ገብተው ቅናትና ጠብ ያመጣሉ፤ ፖሊሱም ይተኵሳል፤ ድኻው ይወድቃል። ይህን ስለ መንግሥተ ሰማያት የተነገረ ትምህርት አድርጎ የሚቀበል ሰው ይሳሳታል፤ በዚያ ቅናት የለምና። የድኻ ሕልም አድርጎ የሚያየው ግን ያዝናል፤ ሰውየው ከሰፈሩ በቀር ሌላ ገነት፣ ከጥይት በቀር ሌላ ፍጻሜ ሊያልም አልቻለም።

የታሪኩ መጨረሻ ደስታ ነው። እናቲቱ በመካከሉ ስመ ጥር ዘፋኝ ሆና፣ ለድኾች ልጆች መጫወቻ ስታድል የራስዋን ልጅ ሳታውቀው አግኝታው ነበር። በሐኪሙ እጅ ያለውን ወረቀት አይታ ልጅዋ መሆኑን ታውቃለች፤ ልጁንም ላገኘ 1,000 ዶላር እንደምትሰጥ በጋዜጣ ታስነግራለች። በሳንቲም የሚታደርበት የድኾች ማደሪያ ጠባቂ ያን አንብቦ፣ ልጁን ከተኛው ድኻ አጠገብ በሌሊት ሰርቆ ይወስዳል። በማግሥቱ ፖሊሱ ድኻውን ከሕልሙ ቀስቅሶ ወደ እናቲቱ ቤት ያደርሰዋል፤ ልጁ ሮጦ ያቅፈዋል፤ ድኻው ወደ ውስጥ ይገባል፤ በሩም ይዘጋል። ከበሩ በስተ ኋላ የሆነውን ቻፕሊን አላሳየም። ወላጂቱና አሳዳጊው ልጁን እንዴት እንደሚካፈሉት ለተመልካች ኅሊና ትቶታል።

ሲኒማው በታየ ጊዜ ጃኪ ኩጋን በዓለም የታወቀ ልጅ ሆነ። በ1924 ዓ.ም. የቅርብ ምሥራቅ መርጃ የተባለው የአሜሪካ ማኅበር ስሙን ለምሕረት ሥራ ፈለገው። ይህ ማኅበር በ1915 ዓ.ም. የአርመን ሕዝብ በኦቶማን መንግሥት በተፈጀ ጊዜ የተቋቋመ ነበር። የ9 ዓመቱ ልጅ በአሜሪካ ከተሞች እየዞረ ለአርመንና ለግሪክ የሙት ልጆች ምግብና ልብስ አሰባሰበ፤ የተሰበሰበውም ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገመተ። ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ወደ ግሪክ አገር ሄደ።

በዚያው ዓመት በሌላ መንገድ፣ ከእነዚሁ የአርመን የሙት ልጆች ጥቂቶቹ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ በሄዱ ጊዜ፣ በአርመን ፓትርያርክ ጥበቃ የሚያድጉ ልጆች በሙዚቃ ጓድ ሲጫወቱ አዩ። ልባቸውም ስለ ተነካ ከፓትርያርኩ ጋር ተነጋግረው 40 ልጆች አስመጡ። ልጆቹ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ጳጕሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው። ናልባንዲያን የኢትዮጵያን የመንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ቃሉን የደረሱት ቅኔ ዐዋቂው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። መዝሙሩም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ተሰማ። እናትና አባት የሌላቸው ልጆች ያስጠጋቻቸውን አገር ክብር በመለከት አሰሙ ማለት ነው። በሃይማኖት እኅት የሆነችው የአርመን ቤተ ክርስቲያን ልጆች በኢትዮጵያ መጠጊያ ማግኘታቸው፣ አንድ ልጅ ከጐዳና ሲነሣ ለአንሺው ምን ሊመልስለት እንደሚችል የሚያስተምር ነው።

ለሌሎች የሙት ልጆች የለመነው የጃኪ ኩጋን ነገር ግን በሌላ መንገድ ሄደ። በልጅነቱ ያገኘው ገንዘብ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ይገመት ነበር። በ1935 ዓ.ም. አባቱ በአውቶሞቢል አደጋ ሞተ፤ እናቱም ገንዘቡን ያስተዳድር የነበረውን ሰው አገባች። ጃኪ ለአካለ መጠን ደርሶ ገንዘቡን ሲጠይቅ ከለከሉት። በ1938 ዓ.ም. በዳኛ ፊት ከሰሳቸው። በካሊፎርኒያ ሕግ ግን ሕፃን ሠርቶ ያገኘው ገንዘብ የወላጅ ነበር። በመጨረሻው የደረሰው 126,000 ዶላር ያህል ብቻ ነው። በሲኒማው ወላጅ ያልሆነው ድኻ ያለውን ሁሉ ሲሰጠው ታየ፤ በእውነተኛው ሕይወቱ ግን በወላጅ ስም ድካሙ ተበላ።

ሆኖም ጩኸቱ ከንቱ አልቀረም። በ1939 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ መንግሥት በስሙ የሚጠራውን ሕግ አወጣ፤ ሕፃናት ተጫዋቾች ከሚያገኙት ከፊሉ ለራሳቸው እንዲጠበቅላቸው ዳኞች እንዲያዝዙ ሥልጣን ሰጠ። ሕጉ በ2000 ዓ.ም. ተሻሽሎ ከመቶ 15 እጅ የግድ እንዲቀመጥ፣ ገንዘቡም የልጁ እንጂ የወላጅ እንዳይደለ ተደነገገ። በእንግሊዝም አገር የድኾች ቤት ሥርዐት በ1930 ዓ.ም. በሕግ ተሻረ። ሁለቱም ሕጎች ዘግይተው የመጡ ናቸው፤ ሐናን አልደረሱላትም፤ ጃኪንም አልካሱትም። ቻፕሊን ግን በ1921 ዓ.ም. እናቱን ወደ ካሊፎርኒያ አስመጥቶ እስከ ሞተችበት እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ በቤትና በአስታማሚ አኖራት።

በ1971 ዓ.ም. ቻፕሊን በሽምግልናው ወደዚህ ሥራ ተመልሶ፣ ከእናቲቱ ታሪክ አንዳንዱን ቈርጦ አስወጣ፤ ዜማም ራሱ ደረሰለት። በሚከተለው ዓመት ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ አሜሪካ በተመለሰ ጊዜ፣ ሊቀበሉት ከወጡት መካከል ጃኪ ኩጋን ነበረ። አንደኛው የ82 ዓመት ሽማግሌ፣ ሁለተኛው ራሱ የተመለጠ የ57 ዓመት ሰው ነበሩ። ያገናኛቸው ሥጋና ደም አልነበረም፤ አንዱ ሌላውን አንድ ጊዜ በሥዕል ላይ አቅፎት ነበርና ነው።

እንግዲህ ልጅ የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሕግ የወላጅ ነው ይላል፤ የመርጃው ሹም የመንግሥት ነው ይላል። ይህ ታሪክ ግን ልጅ የማንም ገንዘብ እንዳይደለ፣ ከእግዚአብሔር በአደራ የተሰጠ እንደ ሆነ ያሳያል። አደራ ደግሞ የሚጠየቀው ከተቀባዩ ነው፤ ተቀባዩም ማለት በመንገዱ ሲያልፍ የልጁን ልቅሶ የሰማ ሰው ሁሉ ነው።